እንዴት ይሠራል? የወረቀት ሠንጠረዥን ለማሽን የማስነበብ ሥራ

የልጅዎን የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ያውጡና ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉት። በግራ በኩል የትምህርት ዓይነቶቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ እያለ ይወርዳል። ከላይ «1ኛ ሴሚስተር»፣ «2ኛ ሴሚስተር» እና «አማካይ» የሚሉ ርዕሶች አሉ። ከእነዚህም በላይ ሦስቱንም የሚሸፍን «ውጤት» የሚል አንድ ቃል ተጽፏል። ከታች ድምር፣ ደረጃ፣ ጠባይና ከትምህርት የቀረባቸው ቀናት ይከተላሉ። መሐል ላይ 78 የሚል ቁጥር አለ እንበል። ጣትዎን ወደ ግራ ሲወስዱት «ሒሳብ» ላይ፣ ወደ ላይ ሲወስዱት «2ኛ ሴሚስተር» ላይ ያርፋል። ስለዚህ 78 የሁለተኛው ሴሚስተር የሒሳብ ውጤት ነው። ይህን ለማወቅ ማሰብ እንኳ አላስፈለገዎትም።

አሁን ካርዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ስልኩ ውስጥ የገባው ሒሳብም፣ ሴሚስተርም፣ 78ም አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባለቀለም ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች ናቸው። ኦሲአር የሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር እነዚህን ነጥቦች ወደ ፊደልና ቁጥር ሊለውጣቸው ይችላል። ኦሲአር ብቻውን የሚሰጠው ግን «ሒሳብ 65 78 71.5 ሳይንስ 80 80» የሚል አንድ ረጅም የቃላት ሰልፍ ነው። ሰልፉ ውስጥ 78 አለ፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፍቷል። ሳይንስ ሦስት ዓምድ እያለው ሁለት ቁጥር ብቻ የተገኘለት ለምን ይሆን? አንዱ ሴሚስተር ባዶ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ከሰልፉ ማወቅ አይቻልም። በሠንጠረዥ ውስጥ የቁጥሩን ትርጉም የሚይዘው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቦታው ከጠፋ ቁጥሩ በትክክል ቢነበብም አይጠቅምም።

ይህን የጠፋ ቦታ ለማሽን መልሶ የማሳየት ሥራ አኖቴሽን ይባላል። አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ የሰነዱን ምስል ይከፍታል፣ ከዚያም «ሠንጠረዡ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ይህ አንድ ረድፍ ነው፣ ይህ አንድ ዓምድ ነው፣ ይህ ርዕስ የነዚህ ሦስት ዓምዶች ነው» እያለ በመዳፊት ምልክት ያደርጋል። ማሽኑ እንዲህ ከተደረገባቸው ብዙ ምስሎች ይማርና አይቶት የማያውቀውን ሠንጠረዥ በራሱ ለመተንተን ይሞክራል። ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ሰው የሚያመሰግነው ሞዴሉን፣ ማለትም የተማረውን ፕሮግራም፣ ነው። እኔ ግን ምስጋናውም ወቀሳውም በመጀመሪያ መድረስ ያለበት ምልክቱን ላደረገው ሰውና እሱ ለተከተለው የሥራ ደንብ ነው እላለሁ። ከዚህ በታች የማስረዳው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሣጥን መሳል ነው። ምልክት አድራጊው በሠንጠረዡ ዙሪያ አራት ማዕዘን ያበጃል፤ ሶፍትዌሩም ሣጥኑን በአራት ቁጥሮች ይመዘግበዋል። ቆጠራው የሚጀምረው ከምስሉ ግራ ላይኛ ጫፍ ሲሆን ወደ ቀኝና ወደ ታች ይጨምራል። አራቱ ቁጥሮች የሚጻፉበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኮኮ በተባለው አጻጻፍ የግራ ላይኛው ጫፍ፣ ከዚያ ስፋትና ቁመት ይመጣሉ፤ 100፣ 200፣ 400፣ 300 ማለት ከ100 እና ከ200 ተነሥቶ 400 የሚሰፋና 300 የሚረዝም ሣጥን ነው። ፓስካል ቪኦሲ በተባለው ደግሞ የሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ቦታ ይጻፋል፤ ያው ሣጥን 100፣ 200፣ 500፣ 500 ይሆናል። የኮኮውን ቁጥር በፓስካል ቪኦሲ ደንብ ያነበበ ሰው ስፋቱ 300፣ ቁመቱ 100 የሆነ የተቆረጠ ሣጥን ያገኛል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፤ ማሽኑ በተቆረጠ ሠንጠረዥ ይማራል። ስለዚህ ፋይሉን የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ጥቂት ሣጥኖችን በምስሉ ላይ መልሶ ስሎ ማየት ነው።

ሣጥኑ ራሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሠንጠረዡ በላይ ያለው «ሠንጠረዥ 3፦ የተማሪዎች ብዛት በክልል» የሚለው ጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ ወይስ ውጭ ይቅር? ከታች በኮከብ ምልክት የተጻፈው ማስታወሻስ? መለኪያው፣ «በሺህ ብር» የሚለው፣ በቀኝ ጥግ ላይ ለብቻው ተጽፎ ቢሆንስ? ሁለቱም ምርጫ ሊያስኬድ ይችላል። የማያስኬደው አንዱ ሰው አንዱን፣ ሌላው ሰው ሌላውን ሲከተል ነው። ማሽኑ ሁለት የሚቃረኑ ምሳሌዎችን ያይና የሁለቱን መሐል ይማራል፤ ርዕሱን በግማሹ የሚቆርጥ ሣጥን የሚመጣው ከዚህ ነው። የእኔ ምርጫ ርዕሱንና ማስታወሻውን በሌላ ስም በተለየ ሣጥን መያዝ፣ ከዚያ ከሠንጠረዡ ጋር ማያያዝ ነው። «በሺህ ብር» የሚለው የጠፋበት የበጀት ሠንጠረዥ ገንዘቡን ሺህ ጊዜ አሳንሶ ይናገራል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ረድፍና ዓምድን ለማመልከት ብዙ መንገድ አለ፤ ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሠንጠረዦች በያዘው ፐብቴብልስ-1ኤም በተባለ ስብስብ የተከተሉት ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ረጅም ሣጥን፣ እያንዳንዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ሣጥን ይሆናል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሴል ነው። በዚህ ላይ የራስጌው ክፍል፣ ከአንድ በላይ ረድፍ ወይም ዓምድ የሚሸፍን ሴል፣ በሠንጠረዡ መሐል ለብቻው ቆሞ ከበታቹ ያሉትን ረድፎች የሚሰይም ንዑስ ርዕስ፣ እንዲሁም ሠንጠረዡ ራሱ ይጨመራሉ። በጠቅላላው ስድስት ዓይነት ምልክት ብቻ ነው። በስድስት ምልክት ሪፖርት ካርዱም፣ የባንክ መግለጫውም፣ የጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርቱም ይገለጻሉ።

እዚህ ላይ የእጅ ጥንቃቄ ዋጋው ይታያል። የሁለት ሣጥኖች መመሳሰል የሚለካው ሁለቱ የሚጋሩትን ስፋት ሁለቱ በአንድነት ለሚሸፍኑት ስፋት በማካፈል ነው፤ ፍጹም ከገጠሙ 1፣ ጭራሽ ካልተነካኩ 0 ይሆናል። ሃያ ረድፍ ያለው፣ ቁመቱ 400 ፒክስል የሆነ ሠንጠረዥ ያስቡ። እያንዳንዱ ረድፍ 20 ፒክስል ነው። የጠቅላላው ሠንጠረዥ ሣጥን 10 ፒክስል ወደ ታች ቢንሸራተት መመሳሰሉ 390 ለ410 ሲካፈል፣ ማለትም 0.95 ያህል ነው፤ ማንም አይቆጣም። የአንዱ ረድፍ ሣጥን በዚያው 10 ፒክስል ቢንሸራተት ግን መመሳሰሉ 10 ለ30፣ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሣጥን ተገኘ ለማለት ቢያንስ 0.5 ስለሚጠየቅ ረድፉ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከዚያም አልፎ የሒሳቡን ረድፍ ግማሽ ከሳይንሱ ግማሽ ጋር ያጣብቀዋል። ፎቶው ተጣሞ የተነሣ ከሆነ ሥራው ይብስበታል፤ ረድፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ቀጥ ያለው ሣጥንም ሁለት ረድፍ ይነካል። ስለዚህ ምልክት ከመጀመሩ በፊት ምስሉን ማቃናት ግዴታ ነው። ጥራዙ መሐል ላይ ገጹ ጎብጦ ከሆነ ደግሞ ሴሉን በአራት ማዕዘኖቹ ለየብቻ መያዝ ይሻላል።

አሁን ወደ «ውጤት» ልመለስ። ያ ቃል በሦስት ዓምዶች ላይ ተንሠራፍቶ ተቀምጧል። ምልክት አድራጊው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው፣ ሦስቱንም ዓምድ የሚሸፍን አንድ ሴል ብሎ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ ቃሉ ከመካከለኛው ዓምድ በላይ ስለተጻፈ እዚያው አስቀምጦ የግራና የቀኙን ባዶ ሴል ማድረግ ነው። በዓይኑ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ምስሎች አንድ ናቸው። ለማሽን ግን ሁለተኛው «የ1ኛ ሴሚስተር ዓምድ ከላይ ርዕስ የለውም» ብሎ ማስተማር ነው። ተመራማሪዎች ይህን ስሕተት ሠንጠረዥን ከመጠን በላይ መበጣጠስ ይሉታል፤ በትልልቅ የመማሪያ ስብስቦችም ውስጥ በብዛት ተገኝቷል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር የታየበት አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብራንደን ስሞክና የማይክሮሶፍት ባልደረቦቹ ሦስት የታወቁ የሠንጠረዥ ስብስቦችን ወስደው በምልክቶቹ ውስጥ የነበሩትን ስሕተቶችና ያልተጣጣሙ አሠራሮች አረሙ፤ መማሪያውንም መፈተኛውንም። የሞዴሉን አሠራርና የሥልጠናውን መንገድ አልነኩም። ፊንታብኔት በተባለው፣ ከትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት በተሰበሰበው ስብስብ የሠለጠነው ሞዴል፣ አይሲዳር-2013 በተባለው መፈተኛ ላይ አንድም እንከን ሳይኖርበት የሚተነትናቸው ሠንጠረዦች ከ42 በመቶ ወደ 65 በመቶ ከፍ አሉ። በፐብቴብልስ የሠለጠነው ደግሞ ከ65 ወደ 75 በመቶ ደረሰ። አዲስ ፈጠራ አልነበረም፣ ትልቅ ኮምፒውተርም አልተጨመረም። የተለወጠው የምልክቱ ንጽሕና ነው። በዚህ ሙያ ካነበብኋቸው ውጤቶች ሁሉ ለጀማሪ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው።

ባዶ ሴልን በተመለከተ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ከሪፖርት ካርዱ የሳይንስ ረድፍ ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ባዶ ነው እንበል። ሁለተኛው ሴሚስተር 80 ነው፤ መምህሩም አማካዩን 80 ብለው ጽፈዋል። ምልክት አድራጊው ባዶውን 0 ብሎ ከሞላው ማሽኑ 40 አማካይ ያወጣል፣ ልጁም በወረቀቱ ላይ ያላገኘውን ውድቀት በኮምፒውተር ያገኛል። ባዶ ማለት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፦ አልተለካም፣ አይመለከተውም፣ ጸሐፊው ረስቶታል፣ ወይም «ከላይ ያለው ይደገማል» ማለት ነው። አጭር ሰረዝ በአንዱ መሥሪያ ቤት «ምንም የለም»፣ በሌላው «መረጃ አልደረሰም» ማለት ነው። ዜሮ ግን ዜሮ ነው፤ ሰው ለክቶ ምንም ሳያገኝ ሲቀር የሚጽፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ ደንቡ ለባዶ፣ ለሰረዝ፣ ለዜሮና ለማይነበብ ቁጥር አራት የተለያዩ ምልክቶች ሊሰጥ ይገባል። ከወረቀቱ ያልታየን ነገር መገመት የምልክት አድራጊው ሥራ አይደለም።

ጽሑፉን መተየብም እንዲሁ ነው፤ እንደተጻፈ ይተየባል። መምህሩ የ65 እና የ78 አማካይ 71.5 መሆኑን ትተው 71 ብለው ቢጽፉ፣ የሚመዘገበው 71 ነው። ስሕተቱ በሌላ መስክ «አማካዩ አይገጥምም» ተብሎ ይጠቆማል እንጂ በእጅ አይታረምም። ማረም የጀመረ ሰው የት እንደሚያቆም አይታወቅም፤ በኋላ የሚመጣው አጥኚም የወረቀቱን ስሕተት ከምልክት አድራጊው ፈጠራ መለየት አይችልም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ነገር ራሱን ችሎ ይመጣል። አንዱ ጸሐፊ «ሠንጠረዥ»፣ ሌላው «ሰንጠረዥ» ይላል፤ ፀ እና ጸ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ እየተለዋወጡ ይጻፋሉ። በአንድ የወረዳ ዝርዝር ውስጥ ያው የቦታ ስም በሁለት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ምልክት አድራጊው ወረቀቱ ላይ ያለውን ፊደል ይተይብ፤ አንድ የማድረጉ ሥራ በኋላ፣ በተለየ ዓምድ ውስጥ ይሠራል። የግእዝ ቁጥር ያለባቸው የቆዩ ሠንጠረዦች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በግእዝ ቁጥር ዜሮ የለም፣ አሃዙም እንደ 1፣ 2፣ 3 በቦታው ዋጋ አይለወጥም። ፲፱፻፶ ማለት 1950 ነው፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ አምሳ እያለ ምልክቶቹን በተራ የሚገለብጥ ፕሮግራም ግን 10910050 ብሎ ያወጣዋል። ስለዚህ ሁለት መስክ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ፲፱፻፶፣ በሌላው ለስሌት የሚሆነው 1950።

የዘመን አቆጣጠራችንም በሠንጠረዥ ራስጌ ላይ ጎልቶ ይወጣል። «2012» የሚል ዓምድ ብቻውን ቢገኝ በእኛ ከሆነ ከመስከረም 2019 እስከ መስከረም 2020 ያለውን የአውሮፓውያን ጊዜ ይሸፍናል፤ በእነሱ ከሆነ ፈጽሞ ሌላ ዓመት ነው። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. የሚለው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሠንጠረዡ ርዕስ ወይም በማስታወሻው ላይ ስለሆነ፣ ርዕሱን ከሠንጠረዡ ጋር አለማያያዝ የሚያስከፍለው እዚህ ነው። በጀት ዓመታችን ደግሞ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ በወር የተከፋፈለ ሪፖርት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም እያለ ይሄዳል። አሥራ ሦስተኛዋ ወር በሦስተኛው ዓምድ ላይ ትገኛለች፤ አንዳንዴም ከነሐሴ ጋር ተጣምራ በአንድ ዓምድ ትገባለች። በዓመት ውስጥ ከ12 ወር በላይ አይቶ የማያውቅ ሥርዓት ጳጉሜንን ትርፍ ዓምድ ነው ብሎ ሊጥላት ወይም የቀጣዮቹን ወሮች ቁጥር በአንድ ዓምድ ሊያንሸራትተው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደንቡን ሲጽፍ መገኘት አለበት።

ሠንጠረዥ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገርም አለ። ነጋሪት ጋዜጣን ይመልከቱ፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው፣ ንዑስ አንቀጾቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይወርዳሉ። ማሽን ሁለት ንጹሕ ዓምዶችና የተስተካከሉ ረድፎች አየሁ ብሎ ሠንጠረዥ ይለዋል። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው፦ አንዱን ሴል ለመረዳት ወደ ላይም ወደ ጎንም ማየት ያስፈልጋል ወይ? በሪፖርት ካርዱ ላይ 78ን ለመረዳት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የአዋጁን ንዑስ አንቀጽ ለመረዳት ግን ወደ ታች ማንበብ ይበቃል፤ ስለዚህ የሁለት ቋንቋ ጽሑፍ ነው እንጂ ሠንጠረዥ አይደለም። በዚያው ጋዜጣ ውስጥ በአዋጅ ወይም በደንብ አባሪነት የሚወጣው የታሪፍ ዝርዝር ግን ሠንጠረዥ ነው።

ይህ ሁሉ በእጅ ካልተሠራ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለእንግሊዝኛ ብዙው በእጅ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት ያወጣው ቴብልባንክ 417 ሺህ ያህል ሠንጠረዦች አሉት፤ ከዎርድና ከላቴክ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፋይሎች ውስጥ ሠንጠረዡ በኮዱ ላይ የት እንዳለ እየተፈለገ ሣጥኑ በፕሮግራም ተሠርቷል። የአይቢኤም ፐብታብኔት ደግሞ ከ500 ሺህ በላይ የሠንጠረዥ ምስሎች ሲኖሩት፣ የሕክምና ጽሑፎች በሚከማቹበት በፐብሜድ ሴንትራል ያለውን የጽሑፍ ኮድ ከገጹ ምስል ጋር በማጋጠም የተገኘ ነው። መንገዱ የሚሠራው ንጹሕ ዲጂታል ምንጭ ሲኖር ብቻ ነው። የእኛ ሰነድ ብዙው ማኅተም ያረፈበት፣ በእጅ የተሞላ፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ወረቀት ነው። ዲጂታል የሆነውም ቢሆን በቆየው ፓወር ግእዝ ወይም ቪዥዋል ግእዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ፣ ከፒዲኤፉ ኮፒ ሲያደርጉት የሚወጣው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው፤ ፋይሉ ጽሑፍ ቢኖረውም ጽሑፉ እንዳለ አይጠቅምም። ለአማርኛ ኦሲአር መሠረት የጣሉ ሥራዎች አሉ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ኤዲኦሲአር የተባለው ስብስብ 337,337 የጽሑፍ መስመር ምስሎችን ይዟል። ነገር ግን መስመር እንጂ ሠንጠረዥ አይደለም። 78 የሚለውን ማንበብ ያስችላል፤ የማን 78 እንደሆነ አይናገርም።

እሺ፣ በእጅ ተሠራ። ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያው መንገድ አንዱን ገጽ ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲሠራው ማድረግና ማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አይቢኤም ያወጣው ዶክሌይኔት 80,863 ገጾች በሰው እጅ ምልክት የተደረገባቸው ሲሆን፣ የተወሰኑት ገጾች ሁለትና ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰው ተሠርተዋል። በዚህም ሰው ከሰው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ተለካ፤ በወቅቱ የተሞከሩት ሞዴሎች ከዚያ መስማማት 10 በመቶ ገደማ ወደ ኋላ የቀሩ ሆነው ተገኙ። ሁለት ሰዎች በተለያዩበት ቦታ ሁሉ «ማን ተሳሳተ?» ከማለት በፊት «ደንቡ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ደንቡ ዝም ያለበት ቦታ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ምሳሌ ይጨመርበትና ሥራው ይቀጥላል።

ሁለተኛው መንገድ ሠንጠረዡ ራሱን እንዲመሰክር ማድረግ ነው፤ ለዚህ ከእንግሊዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተቀመጠበት ወቅት የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ተመራማሪ ኤድ ሆኪንስ በብሪታንያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የነበሩ 66 ሺህ ያህል የዝናብ መመዝገቢያ ወረቀቶች በበይነ መረብ እንዲገለበጡ ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ። እያንዳንዱ ወረቀት የአንድ ቦታ የአሥር ዓመት ዝናብ ይዟል፤ ዓመታቱ በዓምድ፣ ወራቱ በረድፍ፣ ከታች የዓመቱ ድምር። 16 ሺህ በጎ ፈቃደኞች በ16 ቀን ውስጥ 5.2 ሚሊዮን ልኬቶችን ገለበጡ። አንዱን ቁጥር ከአንድ በላይ ሰው እንዲተይበው ተደረገ፤ ከዚያ የአሥራ ሁለቱ ወራት ቁጥር ተደምሮ በዘመኑ አንድ ሰው በእጁ ከጻፈው የዓመት ድምር ጋር ተነጻጸረ። ካልገጠመ ገጹ ተመልሶ ይታያል። በዚህ ሥራ የብሪታንያ የዝናብ ታሪክ ወደ ኋላ ተራዘመ፤ በአገሪቱ መዝገብ እጅግ ደረቁ ዓመት እ.ኤ.አ. 1855 መሆኑም ታወቀ።

በሪፖርት ካርዱም፣ በሒሳብ መዝገቡም፣ በጤና ሪፖርቱም ድምር አለ። ስለዚህ «ድምር» የሚለው ረድፍ እንደማንኛውም ረድፍ እንዳይታይ፤ የድምር ረድፍ መሆኑ ይጠቆም። ነጻ የሆነ አራሚ በእጅ ነው። ድምሩ እንደ ተራ ዳታ ከታለፈ ደግሞ በኋላ ዓምዱን የሚደምር ሰው ሁሉን ነገር እጥፍ አድርጎ ይቆጥራል።

ስለ መሣሪያው ብዙ የምለው የለኝም። ሌብል ስቱዲዮና ሲቫት በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ለሣጥን ሥራ ይበቃሉ። ለእጅ ጽሑፍ ከኦስትሪያ የተነሣው ትራንስክሪበስ ሠንጠረዥንም ያስተናግዳል። የማስጠነቅቀው ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሞዴል አስቀድሞ እንዲስልና ሰው እንዲያርም ያስችላሉ። ፍጥነቱ እውነት ነው። ነገር ግን የተሳለውን ያየ ዓይን ለመቀበል ያደላል፤ በተለይ ማሽኑ ጨርሶ ያላየውን ረድፍ ሰውም ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ከገጾቹ የተወሰኑትን ያለ ማሽን እርዳታ ከባዶ ማሠራትና ሁለቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለሠራተኛው በሠንጠረዥ ብዛት ብቻ መክፈልም ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። አራት ረድፍ ያለውና ሁለት ገጽ የሚሞላው ሠንጠረዥ አንድ ዋጋ ካላቸው፣ ትዕግሥት የሚፈልገው ትልቁ ሠንጠረዥ በጥድፊያ ይሠራል፤ ጥራቱ የሚፈርሰውም እዚያው ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ሪፖርት ካርድ፣ የታካሚዎች መዝገብና የደመወዝ ዝርዝር የሰው ስም አለባቸው። ምልክት አድራጊው ስሙን ማየት አያስፈልገውም፤ ዓምዱ «የስም ዓምድ» መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል። ስሙ ምስሉ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ይሸፈን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በአገራችን የሕግም ጉዳይ ነው።

ሰው የማይጎዳበት ሠንጠረዥ ደግሞ ሞልቷል። የስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጽሔቶች፣ በሕግ የወጡ የታሪፍ አባሪዎች፣ የበጀት ሰነዶች፣ የዝናብና የሙቀት መዝገቦች፣ የገበያ ዋጋ ዝርዝሮች አሉ። እነዚህን የያዙ መሥሪያ ቤቶች በጥሩ ስካን አንሥተው ይክፈቷቸው። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ለመመረቂያ ሥራ አዲስ ሞዴል ብቻ ከመጠየቅ ጥቂት መቶ ገጽ በጥንቃቄ ምልክት ማድረግንም እንደ ሙሉ ሥራ ይቀበሉ፤ ከላይ እንዳየነው ጥቅሙ ከአዲስ ሞዴል አያንስም። ሥራውን የሚጀምር ሰው ደግሞ መጀመሪያ አሥር የተለያዩ ገጾች ይምረጥ፣ ከባልደረባው ጋር ለየብቻ ይሥራቸው፣ የተለያዩበትን ሁሉ ጽፎ ደንብ ያድርገው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ብዛቱ ይግባ። ምስሉንና ምልክቱን ለሕዝብ ሲያወጣም ያንን የደንብ ገጽ አብሮ ያውጣ፤ ያለ እሱ ሌላ ሰው ሥራውን ሊቀጥልበት አይችልም።